ለሚሞት ሰው ምን እናድርግለት? ሐኪምና ነርስ ሳይማሩት የሚመረቁት ትምህርት

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ሜዲካል ዋርድ ላይ ነበርኩ፣ የጉበት ካንሰር ያለባቸው አንድ አባት ተኝተው ነበር፣ ልጆቻቸው ገና በገቡበት ቀን ኮሪደር ላይ ከበውን "እባካችሁ እሳቸው እንዳይሰሙ፣ ከሰሙ በድንጋጤ ነው የሚሞቱብን" ብለው ለመኑን፣ እኛም እሺ አልን። አንድ ሌሊት ግሉኮስ ልቀይርላቸው ጠጋ ስል እጄን ያዝ አደረጉና "ልጄ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ከዚህ አልጋ እነሳለሁ?" አሉኝ። "አይዞዎት አባባ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይድናሉ" አልኩና ግሉኮሱን ሰቅዬ ቶሎ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ አረፉ። አስከሬን ሊወስዱ የመጡ ጊዜ አንዷ ልጃቸው ስታለቅስ ነው የሰማሁት፣ ለአስራ ምናምን ዓመት የተኳረፉት ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ "አባዬ ታርቆት ቢሄድ ምናለበት" ትላለች። እኔ ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ "ምን አሳሰብዎት አባባ?" ብላቸው ኖሮ ወንድምየው ለቅሶ ሳይሆን ጥየቃ ይመጣ ነበር ይሆናል።

ክፉ ሆኜ አልነበረም፣ አልተማርኩትም። የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ በደም ሥር ካኑላ ማስገባት፣ የሽንት ካቴተር፣ በአፍንጫ ቱቦ ማውረድ፣ ልብ ሲቆም ደረት መጫን፣ ይሄን ሁሉ መጀመሪያ በአሻንጉሊት ላይ ደጋግመን፣ ከዛ አስተማሪ ቆሞብን በሰው ላይ ሠርተን፣ ከዛ ተፈትነን ነው ያለፍነው። ስለ ሞትም ተምረናል፣ ግን የተማርነው ሰውየው ከሞተ በኋላ ያለውን ነው። ዓይን መክደን፣ አገጭ ማሰር፣ ቱቦዎቹን መንቀል፣ አጥቦ መሸፈን፣ ስም መለጠፍ። ከመሞቱ በፊት ባሉት ቀናትና ሰዓታት ምን እንደሚደረግለት፣ ምን እንደሚባል፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚያዝ ግን ሃንድአውት ላይ አንድ ሁለት ገጽ ካለፈ በቀር አንድም ሰው አጠገቤ ቆሞ አላሳየኝም። አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ተማሪ ይዤ ዋርድ ላይ ስቆም ያው ነገር ሲደገም አያለሁ፣ ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው፣ ለጤና ባለሙያውም በሽተኛ ለሚያስታምመው ቤተሰብም እንዲገባ አድርጌ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ፓሊያቲቭ ኬር ሲባል ብዙ ሰው "ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ የሚሰጥ ነገር" ነው የሚመስለው፣ ባለሙያውም ጭምር። እንደዛ አይደለም። ከባድ በሽታ የያዘው ሰው ህመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ ጭንቀቱን፣ የቤተሰቡን ጣጣ ጭምር የሚያይ ህክምና ነው፣ ከኬሞም ከሌላ ህክምናም ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ከምርመራው ቀን ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል። በ2010 ቦስተን ውስጥ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሠራ አንድ ጥናት ነበር፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉና ግማሾቹ ከካንሰር ህክምናው ጋር ፓሊያቲቭ ኬር ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ኑሯቸው መሻሉ ይጠበቅ ነበር፣ የገረመው ግን ዕድሜያቸውም በለጠ፣ አማካዩ 11.6 ወር ሆነ፣ ያለ እሱ የታከሙት ደግሞ 8.9 ወር፣ ያውም መጨረሻ ላይ ያነሰ ከባድ ህክምና ወስደው። የመጨረሻ ሰዓት እንክብካቤ የሚባለው ደግሞ የዚህ የመጨረሻው ክፍል ነው፣ የቀሩት ሳምንታት፣ ቀናትና ሰዓታት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 56.8 ሚሊዮን ገደማ ሰው ፓሊያቲቭ ኬር ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው 14 ፐርሰንቱ ብቻ ነው። መድኃኒት አለመኖሩ አንዱ ምክንያት ነው፣ የሚያውቅ ባለሙያ አለመኖሩ ሁለተኛው፣ ሁለቱ ደግሞ ይያያዛሉ፣ ሞርፊን የሚያዝ ሰው ከሌለ ሞርፊን የሚያስመጣ አይኖርማ።

ይሄን ነገር ትምህርት ያደረገችው ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ሶሻል ወርከር ሆነች፣ የሚሞቱ ሰዎች ህመም የሚሰማው ጠፍቶ ሲሰቃዩ አይታ እንደገና ህክምና ተማረችና በ1957 በሠላሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜዋ ዶክተር ሆነች። በ1967 ደቡብ ለንደን ላይ ሴይንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች (ሆስፒስ ማለት ሊሞት የቀረበ ሰው የሚያስታምም ተቋም ነው)፣ ቤቱ ደግሞ ከጅምሩ የታማሚ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የምርምር ቦታ እንዲሆን ነው የተሠራው። ከሷ ያገኘነው ትልቁ ሐሳብ "ጠቅላላ ህመም" የሚባለው ነው፣ ሰውየው "አመመኝ" ሲል ሥጋው ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም፣ ልጆቹን ማን ያሳድግልኝ የሚለውም፣ ፈጣሪው ፊት እንዴት እቆማለሁ የሚለውም አንድ ላይ ነው የሚያመው፣ አንዱን ብቻ ብታክም ሌላው ያስጮኸዋል። የኔ ሽማግሌ ጉበታቸውን ሳይሆን ወንድማቸውን ነበር ያመማቸው ብዬ አሁን አስባለሁ።

እና ለምን አይማሩትም? የትምህርት ሰዓቱ ጠቦ ነው ይባላል፣ እሱም አለ፣ እኔ ግን ዋናው ችግር ተማሪው ሳይነገረው ከዋርድ የሚማረው ነገር ነው እላለሁ። ጠዋት ራውንድ ላይ ቆማችሁ እዩት፣ ሲኒየሩ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ፣ ነርሷ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ምርመራው ያልታወቀ በሽተኛ ጋር ሃያ ደቂቃ ይቆማሉ፣ ሊሞት ያለው ሰው አልጋ ጋር ሲደርሱ "ያው ነው፣ ቀጥሉ" ተብሎ በሰላሳ ሰከንድ ይታለፋል፣ አንዳንዴ እግሩ ጋር እንኳን አይቆሙም። ማንም ለተማሪው "የሚሞት ሰው የኛ ሥራ አይደለም" አላለውም፣ እሱ ግን ያንን ተምሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ቤተሰቡን ጠርተው "ከዚህ በላይ የምናደርገው ነገር የለም፣ ቤት ውሰዱት" ይላሉ። ይሄ አባባል እኮ ሐሰት ነው! የሚደረግ ብዙ ነገር አለ፣ የማይደረገው ማዳን ብቻ ነው።

መረጃ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ አሜሪካኖቹ በውድ ነው የተማሩት። ከ1989 እስከ 1994 በአምስት ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች 9,105 በጠና የታመሙ ሰዎች ላይ ሰፖርት የሚባል ጥናት ተሠራ፣ በጥናቱ ሁለተኛ ዙር ላይ ለከፊሎቹ ነርሶች ሠልጥነው ተመደቡ፣ የታማሚውን ፍላጎትና የመትረፍ ዕድሉን እየጠየቁና እየጻፉ ለሐኪሞቹ ያደርሱ ነበር፣ ሐኪሙ ካወቀ ይስተካከላል ተብሎ። በ1995 ውጤቱ ሲወጣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ሆስፒታል ውስጥ ከሞቱት ራሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች ግማሾቹ በመጨረሻ ቀኖቻቸው ቢያንስ ግማሹን ጊዜ መካከለኛ ወይም ከባድ ህመም ላይ ነበሩ፣ ቤተሰቦቻቸው እንደተናገሩት። ከዛ ድንጋጤ በኋላ ነው በ1999 ኤፔክ የሚባለው የሐኪሞች ሥልጠና፣ በ2000 ደግሞ ኤልኔክ የሚባለው የነርሶች ሥልጠና የመጡት፣ የኤልኔኩ ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። ሁለቱም የሚያሠለጥኑት መልሶ የሚያሠለጥነውን ሰው ነው፣ አንድ አስተማሪ ተምሮ ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ ሌሎቹን እንዲያስተምር።

አሁን ምን ይማሩ ወደሚለው ልግባ፣ ከህመም ልጀምር ምክንያቱም ህመም ላይ ያለ ሰው ስለ ሌላ ምንም ልታወሩት አትችሉም። ህመሙን መጠየቅ ራሱ ይማሩታል። በአፍሪካ ብዙ ቦታ በእጅ ነው የሚጠየቀው፣ የተጨበጠ እጅ ህመም የለም ማለት ነው፣ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው፣ ያልተማሩ እናትም ወዲያው ይገባቸዋል። ከባድ ሲሆን ሞርፊን አለ፣ ብዙውን ጊዜ በሽሮፕ መልክ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየተለካ በአፍ የሚሰጥ። የሚሰጠው "ሲያምህ ጥራን" ተብሎ ሳይሆን በየአራት ሰዓቱ በሰዓቱ ነው፣ ህመሙ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት፣ ማታ ሲተኙ ደግሞ እጥፍ ይሰጥና ሌሊት ሳይቀሰቀሱ ይተኛሉ። በትንሹ ይጀመራል፣ ለሽማግሌ 2.5 ሚሊግራም ይበቃል፣ እየታየ ይጨመራል። ኩላሊት የደከመበት ላይ ስለሚጠራቀም ጥንቃቄ አለው። ሞርፊን ሲታዘዝ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት፣ ይሄን የረሳ ተማሪ እኔ ጋር አያልፍም፣ ለህመሙ ያዘዛችሁለት ሰውዬ በሳምንቱ ሆዱ ደርቆ በሌላ ህመም ሲጮህ ታገኙታላችሁ።

እና ፍርሃቱ። "ሞርፊን ከጀመረ አበቃለት" የሚል ወሬ ቤተሰብ ጋር አለ፣ ባለሙያም ጋር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሰውየው ብዙ ይተኛል፣ ቤተሰቡ "ሊገድሉት ነው" ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ለሳምንታት በህመም ያልተኛው እንቅልፉ ነው። ትንፋሽ ያቆማል የሚለው ፍርሃት ዶዙ እንደ ህመሙ ተለክቶ ቀስ እያለ ከተጨመረ እምብዛም አይደርስም፣ ቢደርስም ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለው። ሱስ ይሆናል የሚለውም እንደዛው፣ ሰውነት መድኃኒቱን መልመድና ሱስ አንድ አይደሉም። በ2017 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና ተመሳሳይ መድኃኒት ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ይሄን ቁጥር ተማሪዎቼ ፊት ሁለት ጊዜ ነው የማነበው፣ በመጀመሪያው የተሳሳትኩ ስለሚመስላቸው።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ነው፣ እኛ ጋር በተለይ። ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው፣ ታዲያ ሰውየው አልበላም ሲል ቤተሰቡ ይጨነቃል፣ አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ "በሞቴ አንዴ ብቻ" እያለ ያጎርሰዋል፣ እሱም ላለማስቀየም ይውጣል፣ ከዛ ትን ይለዋል፣ አንዳንዴ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሊሞት ያለ ሰው የማይበላው ሰውነቱ ምግብ ማስተናገድ ስላቆመ ነው፣ ስላልበላ አይደለም የሚሞተው፣ ስለሚሞት ነው የማይበላው። ይሄን ዓረፍተ ነገር ለቤተሰብ ረጋ ብሎ መናገር የሚችል ነርስ ስንት ሰው "ሳይበላ ሞተብኝ" ከሚል ጸጸት ያድናል መሰላችሁ። ግን "አትስጡት" ብሎ እጃቸውን ባዶ አድርጎ መሄድ ደግሞ ጭካኔ ነው፣ የሚሠሩት ነገር ስጧቸው፦ ንጹህ ጨርቅ ውሃ ነክሮ ከንፈሩንና አፉን ማርጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ጎኑን ማዞር፣ እግሩን ማሸት። እጁን ይዞ ማውራትም፣ ቫንኩቨር ውስጥ በ2020 የወጣ ጥናት ራሳቸውን ስተው ሊሞቱ ሰዓታት በቀራቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ አእምሯቸው ለድምፅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል፣ እና አልጋው አጠገብ ስለ ቀብር ቦታ አትከራከሩ። ጉሮሮ ላይ የሚሰማው መንኮራኮርም ቤተሰብን በጣም ነው የሚያስፈራው፣ የታነቀ ይመስላል፣ ሰውየው ራሱ ግን በዛን ሰዓት ብዙውን ጊዜ አይሰማውም፣ በጎን ማስተኛት ይበልጥ ይረዳል፣ ቱቦ ሰዶ መምጠጥ ብዙ ጊዜ ማሰቃየት ነው። ትንፋሹ እየቆመ እየቀጠለ ሲሄድ፣ እጅ እግር ሲቀዘቅዝ፣ ቆዳው ሲዥጎረጎር ቀደም ብሎ "ይሄ ይመጣል" የተባለ ቤተሰብ አይደነግጥም፣ ቄስም ሼህም በጊዜ ይጠራል፣ ንስሐው፣ ቁርባኑ፣ ሸሃዳው፣ ኑዛዜው ሰውየው መናገር እየቻለ ይደርሳል። ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ለዚህ ሁሉ ሰዓት ይገዛል።

የከበደው ንግግሩ ነው። ስፓይክስ የሚባል በመላው ዓለም የሚሰጥ ስድስት ደረጃ ያለው ዘዴ አለ፣ ቤይልና ባክማን የሚባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2000 ያወጡት። ቦታና ሁኔታ አመቻች፣ ታማሚው ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ በቀላል ቃል ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጣዩን አብራችሁ ዕቀዱ። ይሄን መጀመሪያ ስማር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ መርዶ! እኛ እኮ ሞት ማርዳት ላይ ፕሮቶኮል ያለን ሕዝብ ነን። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም፣ ዋሽንግተንም ያለ ሰው ቢሆን ጓደኞቹ ተሰባስበው ሥራ ሳይሄድ በንጋት ቤቱ ይሄዳሉ። ማን እንደሚናገር ቀድሞ ይወሰናል፣ የሚወደውና የሚያከብረው ሰው ይመረጣል፣ ቁጭ ይደረጋል፣ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሲያለቅስ "አታልቅስ" ተብሎ አይጣደፍም፣ የነገረውም ነግሮት ጥሎት አይሄድም፣ አብሮት ይውላል። ይሄን የሚያውቅ ልጅ ጋውን ሲለብስ ለምን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሰው እያለፈ፣ ስልኩ እየጮኸ "ካንሰሩ ተሰራጭቷል" ይላል? ቤቱ ያለውን ዕውቀት በር ላይ እንዲጥል ስላደረግነው ነው። እኔ አሁን ይሄን ክፍል ስጀምር ስላይድ አልከፍትም፣ "መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከጎንደርም ከሐረርም ከወላይታም የመጣው ልጅ ያወራል፣ ሰሌዳው ይሞላል፣ ከስድስቱ አራቱን ራሳቸው ያወጧቸዋል።

መርዶ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ናቸው መማር ያለባቸው፦ ምን ያውቃል፣ ምን ማወቅ ይፈልጋል። መርዶ የሚነገረው ለሚቀረው ሰው ነዋ፣ ለሚሞተው አይደለም። ለሚሞተው ያለን ልማድ መደበቅ ነው፣ ልጆቹ በፍቅር ነው የሚደብቁት፣ ግን ብዙ ጊዜ ሰውየው ያውቃል፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፣ እሱም እነሱን ላለማስጨነቅ ዝም ብሎ ብቻውን ይሸከመዋል። መፍትሔው ግን ቤተሰቡን ጥሶ አልጋው ጋር ሄዶ መዘርገፍም አይደለም። ምርመራው ገና ሳይወጣ መጠየቅ ነው፣ "ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ብንነግርዎት ነው የሚሻለው ወይስ የሚያምኑት ሰው አለ?" አንዳንዱ "ለልጄ ንገሩ፣ እኔ አልፈልግም" ይላል፣ መብቱ ነው። አንዳንዱ "ለኔ ንገሩኝ፣ የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ" ይላል። ልጆቹ "እንዳትነግሯቸው" ሲሉ ደግሞ አትከራከሩ፣ "ቢሰሙ ምን ይሆናሉ ብላችሁ ነው የፈራችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዛ "እሳቸው ራሳቸው ቢጠይቁኝ መዋሸት አልችልም፣ ምን ልበላቸው ትላላችሁ?" በሉ። ብዙ ጊዜ እዚህ ጋር ቤተሰቡ ራሱ ይለሰልሳል።

እንዴት ይማሩት የሚለው ላይ አንድ ታሪክ አለ የማይረሳኝ። ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ የምትባል የአእምሮ ሐኪም በ1965 ቺካጎ ውስጥ ለተማሪዎች ስለ ሞት ለማስተማር አስባ፣ መጽሐፍ ከማንበብ የሚሞተውን ሰው ራሱን አስተማሪ እናድርገው አለች። ዋርድ ዋርድ ዞራ ስትጠይቅ ሐኪሞቹ "እዚህ የሚሞት ሰው የለም" ዓይነት መልስ ነበር የሚሰጧት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አገኘች፣ ለማውራት ዝግጁ ነበሩ፣ ያኔውኑ ቁጭ በይ አሏት፣ እሷ ግን ነገ ከተማሪዎቼ ጋር እመጣለሁ አለች። በነጋታው ስትመጣ ሰውየው ለመናገር አቅም አልነበራቸውም፣ ስለሞከረች አመስግነዋት ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እሷም ይሄን ሳትደብቅ ጻፈችው። ያንን ሳነብ የኔ አባባና የያዙት እጄ ናቸው ፊቴ የመጡት።

ሌክቸር ብቻ አይሠራም። ሮልፕሌይ ይሠራል፣ አንዱ ተማሪ ታማሚ ሆኖ ይተኛል፣ ሌላው ይነግረዋል፣ አስተማሪው መሃል ላይ ያቆምና "አሁን ምን ተሰማህ?" ይላል፣ እንደገና ይሞከራል። አንዴ ጎበዝ የሚባል ልጅ "ሜታስታሲስ" ምናምን እያለ አምስት ደቂቃ ሲያብራራ ታማሚ የሆነችው ተማሪ ድንገት ማልቀስ ጀመረች፣ ትወናው አልነበረም፣ እናቷን ያጣችው በካንሰር ነበር። ልጁ ወረቀቱን አስቀመጠና ዝም አለ፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዛ ሶፍት አቀበላት። ያ ዝምታ ነው ሙያው፣ ተማሪዎቹ ግን ስህተት የሠራ መስሏቸው ነበር። እና አስተማሪ ሆይ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር እንደሚመጣ አስቀድመህ ተናገር፣ በቅርብ ሐዘን ያለበት ልጅ እንዳይገደድ፣ ካለቀም በኋላ ዝም ብለህ አትበትናቸው።

ሮልፕሌይም ቢሆን ተአምር አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ሙከራ ወጣ፣ ሬዚደንቶችና ነርስ ፕራክቲሽነሮች በሲሙሌሽን (በትወና ልምምድ) ሠልጥነው ቀጥሎ እውነተኛ ታማሚዎቻቸው ሲጠየቁ፣ ንግግሩ ተሻለ አላሉም፣ እንደውም የድብርት ምልክታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ ከዚህ የምረዳው ክፍል ውስጥ የተማረው ዋርድ ሲመለስ የሚደግፈው ሲኒየር ካላገኘ፣ ከተናገረም በኋላ ታማሚውን ተከታትሎ ካልጠየቀ ትምህርቱ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለውን ነው። እንግሊዞች ደግሞ በሌላ በኩል ተቃጥለዋል፣ ሊቨርፑል ኬር ፓዝዌይ የሚባል ጥሩ ሆስፒሶች ከሚሠሩት ተቀድቶ ለሆስፒታሎች የተሰጠ፣ ሊሞት ለቀረበ ሰው ምን እንደሚደረግ የሚመራ ቅጽ ነበራቸው፣ በአግባቡ የተሠራበት ቦታ ሰዎች በሰላም አርፈውበታል፣ ሳይሠለጥኑ ቅጹን ብቻ የሞሉበት ቦታ ግን ቤተሰቦች "አባታችን ውሃ ተከለከለ፣ ማንም አልነገረንም" ብለው ጮኹ። በጁሊያ ኒውበርገር የተመራ ምርመራ በ2013 አሠራሩ እንዲቀር መከረ፣ በ2014 ቆመ።

ለኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኡጋንዳ ነው። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ ከፈቱ፣ የሞርፊን ፓውደር ከውሃ ጋር እየተቀላቀለ በርካሽ ሽሮፕ ይሠራል። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ ገጠር ላይ ያለችው ነርሷ ናት፣ ስለዚህ በ2004 ሕጉን ቀየሩና ዘጠኝ ወር በዚሁ ላይ የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ተፈቀደ። ዘጠኝ ወር! የሁለት ቀን ወርክሾፕና አበል አይደለም። ሥልጠናው፣ ፈቃዱና መድኃኒቱ አንድ ላይ መጡ፣ ለዛ ነው የሠራው። እኛ ጋርም ባዶ አይደለም፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ ነርሶቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስታምማሉ፣ ባለሙያም ያሠለጥናሉ፣ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ የፓሊያቲቭ ኬር ጋይድላይን አውጥቷል። ጋይድላይኑ ከሸልፍ ወርዶ ዋርድ እንዲገባ ግን ተማሪው ቢያንስ ጥቂት ቀን ከእንደዚህ ዓይነት ነርስ ጋር ቤት ለቤት መዞር አለበት። ቤት ስትገቡ ሆስፒታል የማይታየው ይታያል፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መሆኗ፣ ሽሮፑ በየት ማንኪያ እንደሚለካ፣ ሽንት ቤቱ ስንት ደረጃ እንደሚያስወርድ፣ የእድሩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚያግዙ።

ሌላው ፈተናው ነው። ተማሪ የማይፈተንበትን አያጠናም፣ እኔም ተማሪ ሆኜ አላጠናሁም። ስለዚህ የተግባር ፈተና ላይ፣ ካኑላው ካለበት ክፍል ቀጥሎ፣ አንድ ክፍል ይጨመር። ውስጡ አልጋ አለ፣ አልጋው ላይ ታማሚ ሆኖ የሚተውን ሰው፣ ከጎኑ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት። ተማሪው ስምንት ደቂቃ አለው። ሲገባ ታማሚው "ልጄ፣ ከዚህ አልጋ እነሳለሁ?" ይለዋል። ፈታኙ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ነጥብ የሚሰጠው ለመልሱ አይደለም፣ ወንበሩን ስቦ ለመቀመጡ ነው።